የክለብህን ጨዋታ ሳይሆን የሌሎቹን ተው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ማገልገል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው አያት አካባቢ ነው፤ ጠዋት በባቡር ወደ ሰንጋ ተራ እመጣና ከ2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ፣ ከምሳ ሰዓት በቀር፣ ከኮምፒውተር ፊት አልነሳም ማለት ይቻላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት አልጠፋም፤ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ካለ የምተኛው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤታችን ልጆች ሜዳ ተከራይተው ጋበዙኝ። ገና በአሥረኛው ደቂቃ ትንፋሼ ተቆራረጠ፤ ወዲያው አንድ ኳስ ላይ ለመድረስ ስሮጥ የቀኝ ታፋዬ የኋላ ጡንቻ ጧ ያለ መሰለኝና ሁለት ሳምንት እያነከስኩ ሥራ ገባሁ። እጮኛዬ «ኳስ ማየትህን ካልተውክ ሰውነትህ አይስተካከልም» ትለኛለች። በእርግጥ ደጋፊነቴን መተው ይኖርብኛል? እንዲህ ተቀምጬ እየዋልኩስ ሰውነቴን እንዴት ልመልስ? ምክርዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደጋፊነትህን መተው የለብህም። ይህን የምልህ ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም። የሒሳብ ሰው ነህና አብረን እናስላው። ክለብህ በፕሪሚየር ሊግ በአንድ የውድድር ዘመን 38 ጨዋታ ያደርጋል። አንዱን ጨዋታ ከነእረፍቱ 2 ሰዓት ብንለው በጠቅላላው 76 ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ሲከፋፈል በሳምንት 2 ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቢሮ ወንበርህ ግን በአንድ ሳምንት ብቻ 40 ሰዓት ይወስድብሃል። በአሥረኛው ደቂቃ ትንፋሽህን ያሳጠረው በዋናነት ይኸው ወንበር ነው።

ሆኖም የእጮኛህ ቅሬታ መሠረት አለው። ዲኤስቲቪ ቤት የሚገባ ደጋፊ የራሱን ክለብ ጨዋታ ብቻ አይቶ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ እኔም በአንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። እንግሊዞች የብርድ ወቅት ሰዓታቸውን በሚጠቀሙበት ጊዜ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች 12 ሰዓት ላይ ይደረጋሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ይቀጥላል። አርሰናል 12 ሰዓት ላይ ቢጫወት እንኳ ደጋፊው ተቀናቃኞቹ ነጥብ ሲጥሉ ለማየት ሲል ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 7 ሰዓት ሙሉ፣ አንዲት ጠባብ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ወገቡን ጠምዘዝ እያደረገ ፊት ለፊቱ በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ አሻግሮ ይመለከታል። ሲነሳ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠና እግሩ የደነዘዘ ነው። ስለዚህ ምክሬ የክለብህን ጨዋታ እንዳትተው፣ የሌሎቹን ግን እንድትተው ነው። የእነሱን ውጤት በስልክህ ላይ ብታየው የሚጎድልብህ ነገር የለም። የራስህን ጨዋታ ስታይም በእረፍቱ 15 ደቂቃ ከቤቱ ወጥተህ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዙር።

የሌሊቱ ጨዋታ ጠንከር ያለ ጉዳይ ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ዋናው ምሽት በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ 4 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ በ5 ሰዓት የጀመረው የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው እንቅልፍ ቢያንስ 7 ሰዓት ነውና፣ በማግሥቱ ማለዳ 12 ሰዓት የሚነሳ ሠራተኛ በአንድ ሌሊት 2 ሰዓት ዕዳ ይገባል። በተከታታይ ማክሰኞንም ረቡዕንም ካመሸህ ዕዳው ይደራረባል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከእንቅስቃሴ ይልቅ ጣፋጭና ቅባት ያለው ምግብ ያምረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ወዲህ እያንዳንዱ ክለብ በሊግ ምዕራፉ የሚያደርገው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። የአርሰናልን ጨዋታዎች አምሽተህ ተመልከት፤ በማግሥቱ ግን ከባድ ስፖርት አትሥራ፣ ምሽቱን ደግሞ በጊዜ ተኛ። አርሰናል በማይጫወትበት የቻምፒየንስ ሊግ ምሽት ከ4 ሰዓት በፊት አልጋህ ላይ ሁን።

እንግሊዝ ከእኛ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በመሆኗ የሊጉ ጨዋታ በእኛ ጠዋት ላይ አይውልም። ጠዋትህ ዓመቱን ሙሉ የአንተ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ደጋፊዎች ይህን ጥቅም ልብ አይሉትም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጥረት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ቀደም ሲል እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ይጠየቅ ነበር፤ አሁን ይህ ቀርቶ እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች። ባቡሩ ላይ ለገሃር ወይም ሜክሲኮ እስክትደርስ አትጠብቅ፤ ቀደም ብለህ እስጢፋኖስ ውረድና በፈጣን እርምጃ ወደ ሰንጋ ተራ ሂድ፤ ማታም እንዲሁ ተመለስ። በአንድ ጉዞ 20 ደቂቃ ብትራመድ በአምስት የሥራ ቀናት 200 ደቂቃ ይሆንልሃል፤ ገንዘብም ሆነ የስፖርት ልብስ ሳያስፈልግህ መመሪያው የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የደቂቃ መጠን አልፈሃል። መንገዱ በአዲስ አበባ ስታዲየም አጠገብ ያሳልፍሃል። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የዛሬዋን ግብፅ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው እዚያ ሜዳ ላይ ነው፤ ኳስ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የእግር መንገድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሣ፤ ስልክ ከመደወል ይልቅ ወደ ባልደረባህ ጠረጴዛ ሂድ፤ ሊፍቱን ትተህ በደረጃው ውጣ።

ታፋህን በተመለከተ ጠንቀቅ እንድትል እለምንሃለሁ። ይህ ጡንቻ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በፍጥነት ስንሮጥ እግራችን ወደ ፊት ተወርውሮ መሬት ሊነካ ሲል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ጡንቻው እየተለጠጠ ሳለ እግሩን እንዲገታ ይጠየቃል። ለወራት ወንበር ላይ የከረመ ጡንቻ ሳይሟሟቅ ይህን ሥራ በድንገት ሲታዘዝ ይበጠሳል። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ ቅዳሜ ብቻ እንደ አርሰናሉ ተጫዋች ሳካ ለመሮጥ መሞከር፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጨርሶ ካለመጫወት ይልቅ ለጉዳት የቀረበ ነው። በመጀመሪያ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይይህ፤ ሕመሙ ከጠፋና ያለ ችግር መሮጥ ከቻልክ በኋላ ወደ ማጠናከሪያው ትገባለህ።

ፊፋ ለተራ ተጫዋቾች ጭምር ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለ የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለ፤ 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከእነዚህ መካከል ለአንተ የሚበጀውን ልግለጽልህ። ምንጣፍ ላይ ተንበርክከህ ጓደኛህ ከኋላ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶችህን አጥብቆ ይያዝልህ። ከጉልበትህ እስከ ራስህ ቀጥ እንዳልክ፣ ወገብህን ሳታጥፍ፣ በተቻለህ መጠን በዝግታ ወደ ፊት ውረድ፤ መቋቋም ሲያቅትህ በመዳፎችህ መሬቱን ተቀበል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል። በማግሥቱ የታፋህ ጀርባ ትንሽ ቢያምህ አትደንግጥ፤ ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ እንዲህ ነው። የምትወደው ክለብ ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋቹን በመጀመሪያው ቀን 90 ደቂቃ እንደማያሰልፈው ሁሉ አንተም ለስድስት ሳምንት ያህል በእርምጃና በቀላል ሩጫ ከተዘጋጀህ በኋላ ወደ ሜዳ ተመለስ፤ ያኔም ከ20 ደቂቃ ጀምር።

ቀን የተቆረጠለት ግብ ከፈለግህ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ይጠቅምሃል። አብዛኛውን ጊዜ በኅዳር የሚካሄድ በመሆኑ ልምምዱ ከአዲሱ የውድድር ዘመን መጀመሪያ ጋር አብሮ ይሄድልሃል።

ለእጮኛህ ደግሞ የወሩን የጨዋታ ሰሌዳ አውጥተህ አሳያት፤ የአርሰናልን ጨዋታዎች ብቻ በቀለም አክብቡ። ከዚያ በተረፈው ጊዜ ከቅዳሜ ጠዋቶች አንዱን መርጣችሁ፣ ፀሐይ ሳትበረታ አብራችሁ በእግር የምትወጡበት ቀን እንዲሆን እሷ ራሷ ትጻፍበት።