ክሬም የተቀባ ኬክ እንዴት ይቆይ?

ጥያቄ፦ ለጥምቀት እንግዶቼ ክሬም የተቀባ ኬክ በከተራ ዕለት አስጋግሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥሁ። በማግሥቱ ከፋሲል መዋኛ ስንመለስ ክሬሙ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ኬኩም ደርቋል። ጥፋቴ ምን ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ እንግዳ ፊት ምን ያህል እንዳፈሩ ይገባኛል። ፒያሳ ኬክ ስጋግር ዓመታት ቆጥሬአለሁ፤ ቅቤ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይስባል። ኬኩን መጀመሪያ ክሬሙ እስኪጠነክር ድረስ ሳይሸፍኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ይዝጉት። ከሌለዎት ትልቅ ድስት ይድፉበት፤ እኔ እስከ ዛሬ የምደፋው የእናቴን ድስት ነው። የተቆረጠ ከሆነ ፕላስቲኩን በተቆረጠው ጎን ላይ ይለጥፉ፤ ድርቀቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከወተት ክሬም የተመታ ከሆነ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በቅቤና በስኳር ብቻ የተሠራው ግን ተሸፍኖ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ክፍል ቢያድር ምንም አይሆንም። በጥር ብርድማ እኔ ማቀዝቀዣ ውስጥ አላስገባውም።

ከማቀዝቀዣ ያወጡትን ደግሞ ወዲያው አይቁረጡ፤ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ያቆዩት። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ያልደረቀው ኬክ እንኳ ደረቅ ይመስላል።