መልስ፦ ሁለት እግሩን ያጣ ሰው የውድድር መኪና እንዴት ይነዳል?

"ያለ እግር ፍሬን እንዴት ይያዛል? ወይስ ለማስታወቂያ ነው?" ላልከው፣ ማስታወቂያ አይደለም ወንድሜ። እንግሊዛዊውን ቢሊ ሞንገርን ተመልከት።

በ2017 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ባለው የዶኒንግተን ፓርክ መወዳደሪያ ላይ፣ ፎርሙላ 4 በሚባለው የጀማሪ ወጣቶች የመኪና ውድድር ሲወዳደር ገና 17 ዓመቱ ነበር። ትራኩ ላይ የቆመ መኪና ከፊቱ በሚሮጡት መኪኖች ስለተሸፈነበት፣ ቢሊ ሳያየው በፍጥነት ሄዶ የቆመውን መኪና ከኋላ ገጨው። ሁለቱም እግሮቹ ተቆረጡ። ዓመት ሳይሞላው ከፎርሙላ 4 አንድ ደረጃ ከፍ በሚለው በብሪታንያ ፎርሙላ 3 ተመልሶ በመጀመሪያ ውድድሩ 3ኛ ወጣ።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ቀኝ እግሩ የተቆረጠው ከጉልበት በታች ነው፤ ጉልበቱ ተርፏል። ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን እንደ ቤት መኪና አጋዥ የለውም፣ በደንብ ካልረገጡት አይዝም። በጣት የሚሆን ነገር አይደለም። ስለዚህ ለሱ በተስተካከለ ፔዳል፣ በሰው ሠራሽ እግሩ ይረግጠዋል። ነዳጅ የሚሰጠው ግን በእጁ ነው። እጁ መሪም ይዞ ነዳጅም ይሰጣል ማለት ነው፤ ለኔ ከፍሬኑ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

በ2019 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በፖ ከተማ የሚካሄደውን የፖ ግራንድ ፕሪ የመኪና ውድድር አሸነፈ። ከ11ኛ ነው የተነሳው። ዝናብ ነበር፣ ቀድሞ የዝናብ ጎማ ቀየረ፤ ከፊት ያሉት ሁለቱ ተጋጩ። ዕድል ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ግን ጎማውን ዕድል አልቀየረለትም።

ማሽከርከር ብቻ እንዳይመስልህ፤ በ2024 ሃዋይ ላይ አይረንማን የሚባለውን ሦስት ስፖርት በተከታታይ የሚሠራበት ውድድር ጨርሷል። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን።