«ከሌሎቹ አንጻር እንዴት ነኝ?»፦ ስለ ንግድ ንጽጽር ጥያቄና መልስ

ለዓመታት የሰው ሒሳብ ስዘጋ ኖሬያለሁ። ሒሳቡ ባለቀ ማግስት ነጋዴው የሚያነሳው ጥያቄ ርዕሱ ላይ ያለው ነው። ከላካችሁልኝ ውስጥ የተደጋገሙትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የዘርፉ አማካይ የተጣራ ትርፍ 10 በመቶ ነው ተባልኩ። እኔ 4 ላይ ነኝ። ልዝጋው?

በዚህ ቁጥር ብቻማ አይዝጉት። አምስት ድርጅቶች 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 36 በመቶ ቢያተርፉ አማካዩ 10 ነው፤ አራቱ ግን ከአማካዩ በታች ናቸው። ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሀል ላይ የሚገኘው 4 ነው፣ ማለትም እርስዎ። ሪፖርት ሲያዩ አማካዩን ትተው መሀለኛውን፣ ሚዲያን የሚሉትን፣ ይፈልጉ። ደግሞ ከስረው የዘጉት በሪፖርቱ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ዘርፉ ከእውነቱ አምሮ ይታያል።

ጥያቄ፦ የማውቀው ሰው በእኔው ዓይነት ሥራ፣ በእኔው መጠን ሽያጭ 12 በመቶ ያተርፋል። እኔ 7። ምን እያጠፋሁ ነው?

ምናልባት ምንም። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ፦ ቤቱ የማን ነው? ለራሱ ደመወዝ ይቆርጣል? በራሱ ቤት የሚሠራና ከጠዋት እስከ ማታ በነጻ የሚቆም ባለቤት የሁለቱን ወጪ በትርፍ ስም ነው የሚያየው። ኪራዩ የሽያጩን 5 በመቶ፣ ሥራውን ለሚተካው ሰው የሚከፈለው ደመወዝ 4 በመቶ ቢሆን፣ 12ቱ ወደ 3 ይወርዳል። እርስዎ ሁለቱንም ከፍለው ከሆነ 7 የቀረዎት እርስዎ ይበልጣሉ። እኔ ንጽጽር ስሠራ የመጀመሪያው ሥራዬ ይህ ማስተካከል ነው፤ ሳይስተካከል የሚሰላ ሬሾ (አንዱን ቁጥር ለሌላው አካፍሎ የሚገኝ ንጽጽር) ጊዜ ማባከን ነው። አንዴ ብቻ የመጣ ገቢም፣ ለምሳሌ የአሮጌ መኪና ሽያጭ፣ መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ የኔ ዘርፍ ትርፉ 2 በመቶ ብቻ ነው። 20 በመቶ የሚያተርፉትን ሳይ እቀናለሁ።

ዕቃው በዓመት ስንት ጊዜ ይዞራል፣ ማለትም ተሸጦ በአዲስ ይተካል? ይህን አስተያየት በ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው የኬሚካል ኩባንያ የዱፖንት ሰዎች በቀመር አስቀመጡት፦ በሀብት ላይ የሚገኝ ትርፍ ማለት የሽያጭ ትርፍ በመቶኛ ሲባዛ በሀብት ዙር (ሽያጭ ለሀብት ሲካፈል) ነው። ሽያጭዎ የሀብትዎን አሥር እጥፍ ከሆነ 2 በመቶው 20 ይሆናል። 20 በመቶ የሚያተርፈው ሰው ሽያጩ ከሀብቱ እኩል ከሆነ የእሱም 20 ነው። እንደ ምግብ ሸቀጥ መደብር ያለው ሥራ በዙር ይኖራል፣ የጌጣጌጥ ሥራ ደግሞ በትርፍ። ስለዚህ የትርፍ መቶኛን ከዘርፍ ዘርፍ ማነጻጸር አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛውን ቁጥር ልያዝ?

ብዙ አያብዙ። ጥቅል ትርፍ (ከሽያጩ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ብቻ ሲቀነስ የሚቀረው) በመቶኛ፣ የክምችት ዙር፣ ዱቤ እስኪሰበሰብ የሚፈጀው የቀን ብዛት። የተሸጠው ዕቃ ወጪ 600፣ አማካይ ክምችት 100 ከሆነ ዙሩ 6 ነው፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ 61 ቀን ገደማ ይቆያል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የትልልቅ ኩባንያዎችን ኦዲት የተደረገ ሪፖርት ብጠቀምስ?

ይቻላል፣ ግን የሒሳብ ማብራሪያዎቹን ያንብቡ። ዓለም አቀፉን የሒሳብ ደረጃ የሚከተሉት ከጥር 2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አብዛኛውን የረጅም ጊዜ ኪራይ በዕዳነት መዝግበው ወጪውን በእርጅና ተቀናሽና በወለድ ያሳያሉ። የእርስዎ ኪራይ ተራ ወጪ ሆኖ ከተመዘገበ ሁለቱ ጎን ለጎን አይቆሙም። አንድ ኩባንያ ብዙ ሥራ ካለውም የእርስዎን ዘርፍ ክፍል ብቻ ለይተው ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ተፎካካሪዬ ቁጥሩን አያሳየኝም።

ማንም አያሳይም። የነጋዴ ማኅበራት፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች፣ ለዘርፉ የሚያበድሩ ባንኮች ጥቅል መረጃ አላቸው። ዕቃ አቅራቢም ብዙ ያውቃል፣ በዘዴ ከተጠየቀ።

ጥያቄ፦ ከዘርፌ ውጭ ካለ ሰው ጋር መወዳደር ትርጉም አለው?

በትርፍ አይወዳደሩ፤ በአሠራር ግን እንዴታ። የኮፒ ማሽን ሠሪው ዜሮክስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የመጋዘን ሥራው ሲያስቸግረው የተማረው ከሌላ ኮፒ ማሽን ሠሪ አይደለም፤ ልብስና የካምፕ ዕቃ በፖስታ ትዕዛዝ ከሚሸጠው ኤል.ኤል. ቢን ነው። የሁለቱም ሥራ የተለያየ ዕቃ ከመደርደሪያ ለቅሞ፣ አሽጎ መላክ ነበርና። ማድረስ ላይ የሚዘገዩ ከሆነ፣ በሌላ ዘርፍም ቢሆን በሰዓቱ የሚያደርሰውን ፈልገው መጋዘኑን ይዩ።