ጋሼ፣ አባባ፣ ይምጡልኝ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ሰው ስንጠራ ከስሙ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ባናደርግ ምን ይጎዳል?» አለች። ለ32 ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ አልወጣ አለኝ።

ጊዜው 1968 ዓ.ም. ነው። ቢቸና አካባቢ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ስለሆነ፣ ያኔ በሰፈራችን ደብዳቤ የምጽፈውም የማነበውም እኔ ነኝ። ዋጋዬ አንድ እፍኝ ቆሎ ነበር።

አንዲት ጎረቤታችን ታመሙ። እትዬ ነበር የምላቸው። አባታቸው አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድማቸው ቤት ነበሩ። ከወንድማቸው ጋር በርስት ተጣልተው ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መደብ ላይ ተጋድመው አስጻፉኝ። ሰላምታው ረጅም ነበር። የዚያን ጊዜ ደብዳቤ የከብቱንና የአዝመራውን ደህንነት ሳይናገር ወደ ጉዳዩ አይገባም። መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ተለወጠ። «ጋሼ…» አሉና ዝም አሉ። «አባባ…» አሉ። ቆየት ብለው «ይምጡልኝ» አሉ።

ውጭ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይዘው ይጠሩኛል። እኔ የጻፍኩት «ጋሼ፣ አባባ ይምጡልኝ» ብዬ ነው። አንዷን ሰረዝ አድርጌ ሁለተኛዋን ዘለልኳት።

አባትየው የዓባይን በረሃ አቋርጠው መጡ። ብቻቸውን። እትዬ በር በሩን እያዩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን አረፉ።

ወንድማቸው የደረሱት ለለቅሶው ነው። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው «እስቲ እዩት፤ የጠራችው አባባን ነው። እኔን መች ጠራችኝ?» እያሉ አለቀሱ። ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ምንም አልተናገርኩም።

ልጆቼ፣ በቋንቋችን «ይምጡ» ስንል ፊታችን ላለው አንቱታም፣ በሌለበት ለምናነሳው ትልቅ ሰውም ያው ነው። «እትዬ ታመሙ?» ስለ እትዬ ሌላ ሰው መጠየቅ ነው። «እትዬ፣ ታመሙ?» ራሳቸውን መጠየቅ ነው። ሲናገሩ ድምፅ ይለየዋል። ወረቀት ላይ ያለችው ሰረዟ ብቻ ናት። ጥሪው መሐል ሲገባ ደግሞ በሁለቱም በኩል ትደረግ፦ «ነገ፣ እማማ፣ ይጠብቁኝ።»

እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነን። ዋሸራ የቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት መንገድ ሲሄድ ጥበብ ነው፤ ይደነቃል። የታመመ ሰው ደብዳቤ ግን ሰምና ወርቅ የለውም።

የዛሬ ልጆች በቴሌግራም ስትጽፉ አራት ነጥብ እንኳ የላችሁም። ችኮላችሁ ያሳዝነኛል። እኔም ግን ለኳስ ነው የቸኮልኩት። ለጓደኛ «ና» ለማለትማ ሰረዝ ባትኖርም ግድ የለም እል ነበር፤ አሁን እሱንም አልልም። እጃችሁ ካለመደ ለትልቁም ጉዳይ አትመጣላችሁም።

ወንድምየው አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል። ልጅቷ ከጠየቀችኝ ማግስት ወረቀት አወጣሁ። «ጋሼ፣» ብዬ ጀምሬያለሁ። ቀጣዩን ቃል እስካሁን አልጻፍኩም።