«ኡዱ የታለ? ጽጌረዳውስ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከዱባይ ሽቶ ላከችልኝ። ሽታው ልብ ያጠፋል። ካርቶኑ ፊት ለፊት የጽጌረዳና የኡድ እንጨት ሥዕል አለው። ጀርባውን ሳነበው ግን «አልኮሆል ዴናት፣ ፓርፉም፣ አኳ፣ ሊሞኔን፣ ሊናሎል፣ ሲትሮኔሎል፣ ጄራኒዮል፣ ኩማሪን፣ ቤንዚል ቤንዞዌት» ነው የሚለው። ኡድ የለ፣ ጽጌረዳ የለ። እህቴ ለፍታ ባገኘችው ገንዘብ ተሸውዳ ይሆን? — ዘ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ የኔ እህት። ኡድና ጽጌረዳ ስላልተጻፈ ብቻ ተሸውዳለች አይባልም። እኔም ድሮ እንዳንቺው ነበርኩ። አሥራ ምናምን ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ የኖርኩ ሰው፣ ፒያሳ ላይ የሽቶ ሱቅ ስከፍት የካርቶኑ ጽሑፍ ግራ አጋባኝ። መድኃኒት ላይ «ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም» ይልሻል፤ አበቃ። ሽቶ እንዲያ አይደለም።

ጉዱ ያለው «ፓርፉም» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። መቶ ዓይነት ነገር ቢገባበትም በዚያች በአንዲት ቃል ይጠቀለላል። ባልትና ሄደሽ «በርበሬ» ብለው እንደሚሸጡልሽ ቁጠሪው። ውስጡ ኮረሪማ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ በሶብላ አለ። ከየትኛው ስንት እንደገባ ግን ሴትየዋ አትነግርሽም። ሙያዋ ነዋ! ሽቶ ቀማሚዎቹም እንደዚያው ናቸው። ያንቺ ኡድ፣ ካለ፣ እዚያ ውስጥ ነው የተደበቀው።

ታዲያ ሊሞኔንና ሊናሎል ለምን ተለይተው ተጻፉ? አንዳንድ ሰው ቆዳው ስለማይቀበላቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እንዲህ ያሉ 26 ስሞችን ለይቶ «ካሉ ጻፉ» አለ። ገላ ላይ ለሚቆይ ነገር ልኩ 0.001 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይጻፋል። በአንድ ኪሎ ሽቶ ውስጥ 10 ሚሊግራም ማለት ነው። ሠላሳ የጤፍ ፍሬ ገደማ! ስለዚህ ሊሞኔን ተጽፎ ስታዪ «ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል» ብለሽ አትቸኩይ። ቅደም ተከተሉም ብዙ አይረዳሽም። ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚጻፈው፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን እንዳሻቸው መደርደር ይችላሉ።

ይህም ሆኖ አፍንጫሽን ካሠለጠንሽው ከካርቶኑ ጥቂት ታገኚበታለሽ። ማድ ቤት ግቢ። ብርቱካን ስትልጪ ዓይንሽ ውስጥ ገብቶ የሚያቃጥልሽ ሊሞኔን ነው። የድንብላል ፍሬ በመዳፍሽ ፈትጊና አሽቺው፤ ያ ለስለስ ያለው ሽታ በአብዛኛው ሊናሎል ነው። ጠጅ ሣር ሲትራል ነው። ቅርንፉድ ዩጂኖል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስትገቢ የሚቀበልሽ ሽታም እሱው ነው።

ኩማሪን ደግሞ ድርቆሽ ነው። ሣሩ ታጭዶ ፀሐይ ሲመታው ጣፈጥ ብሎ የሚሸተው። ከተፈጥሮም ይገኛል፤ በላብራቶሪ መጀመሪያ የሠራው ግን ዊልያም ፐርኪን የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የወደቁበት ዓመት! እዚህ በኛ ወሎ የእንግሊዝ ጦር መድፍ ሲተኩስ፣ ሰውየው እዚያ አገሩ ቁጭ ብሎ የድርቆሽ ሽታ ያበስል ነበር። (ይቅርታሽን፣ ታሪክ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።)

ቤንዚል ቤንዞዌትን ሳይ ሁሌም ሳቄ ይመጣል። ፋርማሲ ሳለሁ ለእከክ በ25 በመቶ እንሸጠው ነበር። ነጭ ፈሳሽ ነው፤ «ልጄን አቃጠለው» እያሉ እናቶች ይቆጡኝ ነበር። አብሽሪ፣ እህትሽ የእከክ መድኃኒት አልላከችልሽም። ሽቶ ውስጥ መጠኑ ትንሽ ነው፤ የራሱ ሽታም ደካማ ነው። ሌሎቹን ያሟሟል፣ ቶሎ በነው እንዳይጠፉም ይይዛቸዋል።

አሁን ወደ ጽጌረዳው። ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል አንድ ላይ ተጽፈው ሳይ አፍንጫዬ ይነቃል። የጽጌረዳ ዘይት ዋና ዋናዎቹ እነሱ ናቸውና። ስለዚህ ያንቺ ሽቶ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚል ነገር ሳይኖረው አይቀርም። ከእውነተኛ አበባ ይምጣ ከላብራቶሪ ግን ካርቶኑ አይናገርም። ኡዱን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርሽ። ኡድ የእስያ ዛፍ ነው፤ ሻጋታ ሲይዘው ነው እንጨቱ ያንን ሙጫ የሚያወጣው። ንጹሕ ዘይቱ በጣም ውድ ስለሆነ በአብዛኛው ሽቶ ውስጥ ያለው «ኡድ» ከሌላ ከሌላ ነገር ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ያ ማጭበርበር አይደለም፤ ሙያው እንዲያ ነው። የኛው የጥርኝ ዝባድ እንኳን ስንት ዘመን በቀንድ ተሞልቶ ወደ ውጭ ሲላክ፣ የፈረንሳይ ሽቶ ውስጥ ሲገባ፣ ካርቶን ላይ ስሙን ያየው የለም።

በነገራችን ላይ፣ ዝርዝሩ በቅርቡ ይረዝማል። አውሮፓውያኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሞቹን ከ80 በላይ አድርሰዋቸዋል፤ ቫኒሊንም ገብቷል። አዲስ ለሚወጡ ሽቶዎች ግዴታው ከጁላይ 31 ቀን 2026 ይጀምራል። የምትወጂው ሽቶ ጀርባው ድንገት በጽሑፍ ቢሞላ «ቀየሩት!» ብለሽ አትደንግጪ።

መሸወድ ካልሽ እኔ ልንገርሽ። ሱቁን በከፈትኩ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ጅምላ ሻጭ 24 ፍሬ ወሰድኩ። ካርቶኑ እንከን የማይወጣለት፣ ፕላስቲኩ ልጥፍ ያለ። በሳምንቱ አንዷ ደንበኛዬ መለሰችልኝ። «እትዬ፣ ይኼ ነገር ጋዝ ጋዝ ይላል» አለችኝ። ያኔ ነው መነጽሬን አድርጌ ያነበብኩት። ሊናሎል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱ ፊደል ጎሎታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ዝርዝርና ጠርሙሱ ሥር የተለጠፈው አይገጥሙም። ከታች የታተመው የምርት ቁጥርም የተለያየ ነው። የሸጥኩትን ገንዘብ መለስኩ፤ የቀረው እስከ ዛሬ ጓዳ ነው ያለው። አንቺም የካርቶኑንና የጠርሙሱን ቁጥር አስተያዪ። ከገጠመ ጥሩ ምልክት ነው።

አንድ ስም ብቻ ያዢልኝ፦ ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል። አዲስ የታጠበ ልብስ ሽታ የሚሰጥ ነው። አውሮፓ ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከልክሎታል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ካርቶን ላይ ካገኘሽው ያረጀ ዕቃ ነው። ያንቺ ላይ የለም።

እና ከመቀባትሽ በፊት ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ጠብ አድርገሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካላሳከከሽ ተቀቢና እህትሽን አመስግኚ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለጁምዓ የምቀባው ሽቶ ላይ «አልኮሆል» የሚል አልፈልግም። «አልኮል የለውም» ተብሎ የገዛሁት ላይ ግን «ቤንዚል አልኮሆል» ይላል። ዋሹኝ ማለት ነው? — አንባቢ፣ ከባቲ

መልስ፦ አልዋሹዎትም። የሃይማኖቱን ነገር ሸኽዎን ይጠይቁ፤ እኔ ኬሚስትሪውን ልንገርዎት። «አልኮሆል ዴናት» የሚለው ነው ያ የምናውቀው አልኮል፤ እንዳይጠጣ የሚመርር ወይም ሌላ ነገር የተጨመረበት። ቤንዚል አልኮሆል ስሙ ይመሳሰል እንጂ ሌላ ነገር ነው፤ ጃስሚን ውስጥም አለ፣ ከእነዚያ 26ቱም አንዱ ነው። የዘይት አታር ላይ በአልኮል ፈንታ «ዲፕሮፒሊን ግላይኮል» ወይም «አይሶፕሮፒል ሚሪስቴት» የሚል ያገኛሉ። እነዚህ ሽታውን የሚሸከሙ ናቸው። ለባቲ ሙቀት ደግሞ ዘይቱ ይሻልዎታል። እዚህ ደሴ ብርዱ ላይ የሚቆይ የአልኮል ሽቶ፣ ቆላ ሲወርድ ቶሎ ብን ይላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ፀጉሯን የምትቀባው የአደስ ቅቤ ሽታ ናፈቀኝ። እሱን የሚመስል ሽቶ ካርቶኑን አይቼ ማግኘት እችላለሁ? — ከሐይቅ

መልስ፦ አትችይም የኔ ልጅ። አደስ ውስጥ ሊሞኔንም ሊናሎልም አለ፤ ግን እነሱ የማይጻፉበት ካርቶን ስንት አለ? ቅቤውን ደግሞ ማንም አይጽፍልሽም። ገበያ ውጪና አንድ እፍኝ አደስ ግዢ። በእጅሽ አድቅቂው፣ ለጋ ቅቤ ላይ ጣል አድርጊና አሳድሪው። ጠዋት ክዳኑን ስታነሺ እናትሽ ናት።