ከቡድናቸው ጋር ላደጉ ወጣት ተጫዋቾች

«ጋሼ፣ አዲስ አዳጊ ክለብ ዋንጫ ሊያነሣ ይችላል?» ብሎ የጠየቀኝ ለገጣፎ ከማሠለጥናቸው ታዳጊዎች አንዱ ነው። ይችላል። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም.፣ በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ ዋንጫውን አራት ጊዜ በተከታታይ ከወሰደው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆኗል። የጀርመኑ ካይዘርስላውተርንም እ.ኤ.አ. በ1997 ከሁለተኛው ሊግ አድጎ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው ባየርን ሙኒክን በራሱ በባየርን ሜዳ 1 ለ 0 ረታ፤ በ1998 ደግሞ በሁለት ነጥብ በልጦት ዋንጫውን ወሰደ። አሠልጣኙ ኦቶ ሬሃገል ቀደም ሲል ባየርን ያሰናበታቸው ሰው ነበሩ።

ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው። በወጣትነቴ የተጫወትኩበት፣ ስሙን የማልጠቅሰው ክለብ ወደ ከፍተኛው ሊግ ባደገበት ክረምት፣ አመራሩ ቡድኑን ካሳደጉት ተጫዋቾች አብዛኞቹን አሰናብቶ ስም ያላቸውን አስፈረመ። የተሰናበቱት ንብረት ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው ማሊያ ሲያስረክቡ፣ ሠራተኛው እያንዳንዱን ማሊያ ዘርግቶ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክር ነበር። ግብ ጠባቂያችን ጓንቱን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ አውራ ጣቱ ላይ ሲቀደድ በጥቁር ክር ራሱ የሰፋው ነበር። ሠራተኛው የክለቡ ንብረት መስሎት እጁን ሲዘረጋ አንዲት ቃል ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ያ ልጅ የመሐል ተከላካዩ ወደፊት ሲወጣ ስንት እርምጃ ከግቡ መራቅ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ያውቅ ነበር። አዲሶቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ነገር ግን እስኪግባቡ ድረስ ዓመቱ አለቀ፤ ክለቡም ወረደ። ያ የመጀመሪያው ቡድን አንድ ቀን እንኳ በከፍተኛው ሊግ አብሮ ሲሰለፍ አለማየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ የተሻለ ቴክኒክ አላችሁ፤ ሆኖም ገና ሳታድጉ የት እንደምትዛወሩ የምታወሩት ነገር ያሳስበኛል። ከጎናችሁ የሚሰለፈው ልጅ ኳስ በየትኛው እግሩ መቀበል እንደሚወድ ማወቅ ጊዜ ይፈልጋል።

በእርግጥ አዲስ ሰው አይግባ ማለት አልችልም። ለአባ ጅፋር ጎሎቹን በብዛት ያስቆጠረው ከውጭ የመጣው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 አድጎ በዓመቱ የእንግሊዝን ዋንጫ ያነሣው ኖቲንግሃም ፎረስትም ግብ ጠባቂውን ፒተር ሺልተንን ያስፈረመው ካደገ በኋላ ነው። እኔ የምቃወመው መሠረቱን ማፍረስን ነው። አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ጅማን ለቀው በ2011 ዓ.ም. ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ሌላ ዋንጫ ሲያነሡ፣ አባ ጅፋር ግን በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። የእኛው ለገጣፎ ለገዳዲም በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጉን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት ተመልሷል።

ስለዚህ በታችኛው ሊግ ውል ስትፈርሙ ከደመወዙ አስቀድማችሁ፣ ክለቡ ቢያድግ ውሉ ለቀጣዩ ዓመት ይጸና እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።