ህዳር ላይ ሁለቴ መጣብኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ስለ ወር አበባ። አንዱን የጻፈው አባት ነው። በነርስነት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ጉዳይ መጥተው የጠየቁኝ አባቶች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ በእሱ ልጀምር።

«ሲስተር፣ ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። የልጆቼ እናት ዓረብ አገር ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ትልቋ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ተነስታ አንሶላ ስታጥብ አገኘኋት። ምን ሆነሽ ስላት አለቀሰች። ነገሩ ገባኝ፤ ግን ወንድ ነኝ፣ ምን ብዬ ላውራት? ሱቅ ሄጄ ሞዴስ ስጠኝ ልል አፌን ያዘኝና ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ። ረመዳንም እየመጣ ነው፤ ስለ ጾሙስ ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ ሳሙናውም አልከፋም፤ ያስፈልጋታል። ሞዴሱ ነገ ይገዛ።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ይንገሯት፦ «አልታመምሽም፤ ያጠፋሽውም ነገር የለም።» ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ሌሊት ተነስታ አንሶላ የምታጥብ ልጅ፣ ጥፋት የሠራች የመሰላት ልጅ ናት። አውቀዋለሁ።

በ1980 ዓ.ም. ደሴ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የጂኦግራፊ መምህራችን «ከደሴ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ወደ አዋሽ የሚሄደው ወንዝ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀና በእጁ ወደ እኔ ጠቆመ። የሚመልስ ተማሪ ተነስቶ ነው የሚመልሰው። እኔ አልተነሳሁም። ቦርከናን የማያውቅ የደሴ ልጅ የት ይገኛል! ግን ብነሳ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ቀሚሴን ያዩታል። ሰነፍ ተብዬ እዚያው እንደተቀመጥኩ ሁለት አለንጋ መዳፌ ላይ አረፈ። ተደውሎ ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ቆየሁ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ በዝናብ ወደ ቤት ሄድኩ። አክስቴ አየችኝና አንድም ቃል ሳትተነፍስ ያረጀ ነጠላ ቀደደችልኝ። ደግ ሴት ነበረች። ምን እንደሆንኩ ግን አልነገረችኝም። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ከረምኩ።

ልጅዎ እንደዚያ እንዳትጠብቅ የሚሆነውን በአጭሩ ያስረዷት። ማህፀን ፅንስ ይመጣል ብሎ ውስጡን ያነጥፋል። ፅንስ ካልመጣ ያነጠፈውን ያነሳዋል፤ ከደም ጋር የሚወጣው እሱ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ጨርቅ ላይ ሲያዩት ብዙ ይመስላል እንጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁሉም ቀን ደም ተጠራቅሞ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ዕድሜዋም አላነሰም፤ አብዛኞቹ ልጆች ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያያሉ።

አሁን ወደ ሱቁ። «ሞዴስ ስጠኝ፣ ባለክንፉን» ይበሉ። ባለሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ በጥቁር ፌስታል ይሰጥዎታል። (ጫት በአደባባይ በሚሸጥበት አገር ሞዴስ ለምን ጥቁር ፌስታል እንደሚለብስ እስካሁን አልገባኝም።) ሁለት እሽግ ለአንዱ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃታል። ባይሞላም በየ4 እስከ 6 ሰዓት ትቀይረው። ሁለቱን ከትርፍ ፓንት ጋር የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ታኑር። ያገለገለውን በወረቀት ጠቅልላ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትጣለው፤ ሽንት ቤት ውስጥ ከገባ ይደፍነዋል። ገላዋን በንጹህ ውሃ መታጠብ ይበቃታል፤ ወደ ውስጥ በሳሙና መታጠብ አያስፈልግም፣ ያቆስላል።

እናቷን ደግሞ አይለፏት። ልጄ ስታድግ አላየሁም ብላ እዚያ የምትቃጠል እናት ይኼን ከሰው አፍ መስማት የለባትም። በኢሞ ይደውሉላት፣ ሁለት ቃል ይንገሯት፣ ስልኩን ለልጅቷ ይስጡና ከቤት ይውጡ። ባጃጁን ይጠቡ። ሲጨርሱ ይጠሩዎታል።

ስለ ጾሙ፦ ደም በምታይባቸው ቀናት አትጾምም፣ አትሰግድምም። የጾሙን ቀዳ (ላልጾመቻቸው ቀናት ምትክ ጾም) ኋላ ታወጣለች፤ ሶላቱን ግን አትመልሰውም። ውሃ ስትጠጣ አይቶ «አንቺ ጾመኛ አይደለሽም እንዴ?» እያለ የሚያሾፍ ወንድም ካላት፣ እሱን ዝም ያሰኙልኝ።

ጎረቤት «ደርሳለች» ማለት ይጀምራል። አይስሙት። ከአሁን በኋላ ማርገዝ የሚችል ሰውነት እንዳላት ልትነገር ይገባል፣ እውነት ነው። ለመውለድ ግን ሰውነቷ ገና ነው፤ ህጉም ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል።

ሁለተኛዋ ጸሐፊ የደሴ ልጅ ናት፣ 14 ዓመቷ፣ ስምንተኛ ክፍል።

«እማዬ በወር አንዴ ነው የሚመጣው ብላኝ ነበር። የኔ ግን ህዳር 1 መጣ፣ ደግሞ ህዳር 29 መጣ። በአንድ ወር ሁለቴ! ጓደኛዬ ካንሰር ነው አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በፊት መስከረም 5 እና ጥቅምት 3 ነበር፣ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።»

የኔ ቆንጆ፣ ጽፈሽ መያዝሽን ወደድኩት። ጓደኛሽን ይቅር ይበላት። ነይ አብረን እንቁጠር።

ከመስከረም 5 እስከ መስከረም 30 ሃያ አምስት ቀን። ጥቅምት 3 ላይ ሦስት ጨምሪበት፤ 28። ከጥቅምት 3 እስከ ጥቅምት 30 ሃያ ሰባት፤ ህዳር 1 ላይ አንድ ጨምሪበት፤ 28። ከህዳር 1 እስከ ህዳር 29 ደግሞ ራሱ 28። አየሽ? ያንቺ እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው። የኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ያንቺ 28። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፦ 5፣ 3፣ 1፣ ከዚያ 29። ህዳርን ሁለቴ የረገጠው ለዚህ ነው። ጥፋቱ የስሙ ነው፤ «የወር» ስለተባለ ወር የሚጠብቅ ይመስለናል።

እናቴም ከማርያም እስከ ማርያም ነበር የምትቆጥረው። በ21 መጥቶ በቀጣዩ 21 ካልመጣ ትጨነቅ ነበር። ጳጉሜ ሲገባማ ሂሳቡ ሁሉ ይጠፋባታል። አንቺ ጳጉሜን 5 ቀን፣ አንዳንዴም 6፣ ብለሽ ጨምሪ እንጂ አትዝለያት። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ ደም ያየሽበት የመጀመሪያው ቀን አንድ ይባላል። ከዚያ እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ድረስ ያለው ነው ዙሩ። ደሙ ከቆመበት ቀን አትጀምሪ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ ያንቺ 28 ስለሆነ የጓደኛሽም 28 ይሁን አትበዪ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ቢለዋወጥ ጤና ነው። አንዱን ወር ሊዘልም ይችላል። ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ሞዴሱ በአንድ በሁለት ሰዓት ውስጥ እየሞላ ካስቸገረ፣ ወይም ሦስት ወር ሙሉ ከጠፋ ግን ጤና ጣቢያ ሂጂ። 15 ዓመት ሞልቷት ጭራሽ ያላየች ጓደኛ ካለሽም ይዘሻት ሂጂ።

ደሙ በዝቶ ፊትሽ ከገረጣ፣ የጦሳን ተራራ ግማሽ ሳትወጪ ካለከለከሽ፣ ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ተመርመሪ። ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ብዪ። ቡናና ሻይ ግን በምግብ ላይ ሲጠጡ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋሉ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆዩልሽ። ወሎ ውስጥ ከምሳ በኋላ ቡና ይቆይ ማለት ጠብ እንደመጫር ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ብያለሁ።

ሦስተኛዋ ከየት እንደጻፈች አልገለጸችም። «የመጀመሪያውን ቀን ቁርጠቱ ይጥለኛል። ጎረቤታችን ስታገቢ ይተውሻል ትላለች። መድኃኒት ከወሰድሽ ደግሞ መካን ትሆኛለሽ አሉኝ።»

ባል መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ፋርማሲ ይሸጥ ነበር። ሁለቱም ወሬ ነው። ቁርጠቱን የሚያመጣው ማህፀን ራሱ የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ማህፀን እንዲጨማደድ ያደርገዋል። አይቡፕሮፌን እሱን ስለሚቀንስ ነው የሚያስታግሰው። መካን አያደርግም። ህመሙ አናትሽ ላይ እስኪወጣ አትጠብቂ፤ ሲጀምርሽ፣ ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂው። ለዕድሜሽ ምን ያህል እንደሚሆን ባለ ፋርማሲውን ጠይቂው። ጨጓራ፣ አስም ወይም ኩላሊት ካለብሽ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪው። ሙቀትም ይረዳል። ሀይላንድ ውስጥ ግን የፈላ ውሃ አትጨምሪ፣ ይኮማተርና ያቃጥልሻል፤ ለብ ያለ አድርገሽ በፎጣ ጠቅልለሽ እምብርትሽ ሥር ያዢው። መድኃኒቱን ወስደሽም በየወሩ ከትምህርት የሚያስቀርሽ ከሆነ ሐኪም ይይሽ።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ሆነው ነው የጻፉት። «ከገጠር መጥተን ደሴ ቤት ተከራይተን እንማራለን። ሞዴስ በየወሩ መግዛት ስለማንችል ጨርቅ ነው የምንጠቀመው። ግቢው ውስጥ ወንዶች ተከራዮች ስላሉ ውጭ ማስጣት አፈርን፤ ፍራሽ ሥር ነው የምናደርቀው። ይሸታል፣ ያሳክከናል።»

ልጆቼ፣ ጨርቅ ነውር የለውም፤ እኔም ያደግሁበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ የተሸለመችው የመቀሌዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ የምታመርተው ሞዴስ ራሱ ጨርቅ ነው፤ ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል። እንዲህ ዓይነቱን ለተማሪዎች የሚያድሉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ከሴት መምህራኖቻችሁ አንዷን ጠይቁ፤ አትፈሩ።

የናንተ ችግር ፍራሹ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጨለማ ውስጥ ሲከርም ይሻግታል፤ ያንን መልሳችሁ ስትለብሱት ያሳክካችኋል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል። ከዚያ በሳሙና እሹት፣ አረፋው እስኪያልቅ አለቅልቁት። ውሃው በፈረቃ ሲሆንባችሁ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አትድፉት፤ ለቀጣዩ መዘፍዘፊያ ይሆናል። ገመድ ላይ አስጡትና ከላዩ ስስ ሻሽ ጣል አድርጉበት። ፀሐይና ንፋስ ያገኘዋል፤ ወንዶቹ የሚያዩት ሻሽ ነው። አንዷ የሌላዋን ጨርቅ አትጠቀም። እንዲህ አድርጋችሁም ማሳከኩ ካልተወ ጤና ጣቢያ ታዩ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጦሳ ጉሙን ለብሶ ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ካውያ ተዋሱ። ጨርቁ ቤት ውስጥ ጠፈፍ ሲል በሁለቱም በኩል ተኩሱት። መጀመሪያ ጭስስ ይላል፤ ያ ድምፅ እስኪጠፋ ካውያውን አታንሱ።